ተጋጣሚውን የሚኮርጅ ተፋላሚ ለምን ይሸነፋል?

ሆሳዕና መናኸሪያ ማለዳ ላይ የሚነሳ ጠብ ሁሌም አንድ ዓይነት መልክ አለው። ሁለት ረዳቶች አንድ መንገደኛ ላይ ይሻማሉ። አንደኛው የሻንጣውን ማንጠልጠያ ሲይዝ ሌላኛው በሌላው ጫፍ ይይዛል። አንደኛው በደረቱ ገፋ ሲያደርግ ሌላኛውም በደረቱ ይገፋል። "ምን ታመጣለህ?" ሲባል "አንተስ ምን ታመጣለህ?" ይመለሳል። አንዱ ጃኬቱን ካወለቀ ሌላውም ማውለቅ አለበት። ተራ አስከባሪው ደርሶ ሲገላግላቸው ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ "እሱ ነው የጀመረው!" መንገደኛው ደግሞ በዚያ መሀል ሻንጣውን አስለቅቆ ሦስተኛ መኪና ላይ ወጥቷል።

ጠቡን ልብ ብሎ ላየው ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሁለተኛው ረዳት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም የራሱ የሆነ ነገር አላደረገም። የገፋው ስለተገፋ ነው። የጮኸው ስለተጮኸበት ነው። ጃኬቱን ያወለቀውም ቢሆን ሞቆት አይደለም። ጉልበቱ፣ ድምጹና እጁ የራሱ ናቸው፤ የሚያዛቸው ግን ሌላ ሰው ነው።

ጉዳዩ የመናኸሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ገጽ ባልበቃ ነበር። ይኸው ጠብ ጓንትና ዶቦክ ለብሶ፣ ዳኛና ሰዓት ተጨምሮለት በቦክስ ሪንግና በቴኳንዶ ምንጣፍ ላይ ይታያል። ወጣቱ ወራት ሙሉ አንድ ነገር ሲሰለጥን ይከርማል። ውድድሩ ሲጀመር ተጋጣሚው እጁን አውርዶ ያሾፍበታል፤ እሱም እጁን ያወርዳል። ተጋጣሚው እየሮጠ ሲመጣበት እሱም እየሮጠ ይሄድበታል። ግማሽ ዙር ሳይሞላ የወራቱ ሥልጠና ውሃ በልቶት፣ ሪንጉ ውስጥ የሚታየው ተጋጣሚውና የተጋጣሚው ደካማ ቅጂ ብቻ ይሆናል። ዳኞች ደግሞ ከዋናውና ከቅጂው ማንን እንደሚያስበልጡ ይታወቃል።

የሀድያና የከምባታ አካባቢ ስፖርት ሲነሳ ቀድመው የሚታወሱት የአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየምና የሀድያ ሆሳዕና እግር ኳስ ክለብ ናቸው። ይሁን እንጂ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሺንሽቾም ሆነ በሾኔ ያደገ ወጣት ከኳሱ እኩል ሌላ ፍቅርም ያውቃል። የቪዲዮ ቤት ዘመን ልጅ ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን አይቶ ሲወጣ በር ላይ እግሩን ሳያነሳ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። የፍልሚያ ስፖርት ለብዙዎች የጀመረው በመኮረጅ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ ከማን መኮረጅ እንዳለበትና መቼ ማቆም እንዳለበት ለወጣቱ የሚነግረው ሰው ብዙ አይደለም።

እልህና ምላጭ

አማርኛ ለዚህ ነገር ድንቅ ቃል አለው፤ እልህ። እልህ ከንዴት ይለያል። የተናደደ ሰው ዝም ሊል፣ ሊያለቅስ ወይም ጥሎ ሊሄድ ይችላል። እልህ የያዘው ሰው ግን የተደረገበትን ያንኑ ነገር መልሶ ካላደረገ አያርፍም። ሲሰደብ መሳደብ፣ ሲሾፍበት ማሾፍ አለበት። ስለዚህ እልህ ሰውን የሚያስኮርጅ ስሜት ነው። አባቶች "እልህ ምላጭ ያስውጣል" ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምላጩን የሚውጠው ሰው ምላጭ አምሮት ሳይሆን ሌላው ሰው ስለዋጠ ነው።

በፍልሚያ ስፖርት ታሪክ የዚህን ነገር ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 በሁለት አሜሪካዊና ፓናማዊ ቡጢኞች መካከል የተካሄዱት ሁለት ግጥሚያዎች ናቸው። ሹገር ሬይ ሊዮናርድ በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀ፣ እግሩ እንደ ዳንሰኛ የሚፈጥን፣ እስከዚያች ዕለት ድረስ ያልተሸነፈ የዌልተር ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ሮቤርቶ ዱራን በበኩሉ ከፓናማ ድሃ ሰፈር የወጣ፣ በቀላል ሚዛን ዓለምን ያንቀጠቀጠ፣ "የድንጋይ እጆች" የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ተፋላሚ ነው። ዱራን በርቀት ከሊዮናርድ ጋር መወዳደር እንደማይችል ያውቃል። ለማሸነፍ የግድ መጠጋት፣ ማፈን፣ ገመድ ላይ ማስደገፍ አለበት። ሊዮናርድ እየተንቀሳቀሰ ከራቀው ግን ጨዋታው ሌላ ነው።

ታዲያ ዱራን ምን አደረገ? ግጥሚያውን ሪንግ ውስጥ ሳይሆን ከሪንግ ውጭ ጀመረው። በሞንትሪያል ሊዮናርድን ባገኘው ቁጥር ሰደበው። ወንድነቱን አጣጣለበት። ባለቤቱን ሳይቀር አልማራትም። ሊዮናርድ እልህ ያዘው። ሰኔ 20 ቀን 1980 ደወሉ ሲደወል ያ የሚደንስ እግር መሬት ላይ ተተከለ። ሊዮናርድ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ቡጢ በቡጢ፣ ትከሻ በትከሻ ለመዋጣት ወሰነ። ማለትም የዱራንን ጨዋታ ከዱራን ጋር ለመጫወት።

አሥራ አምስት ዙር ተዋጡ። ሊዮናርድ ፈሪ አለመሆኑን አሳየ፤ ማንም ግን ፈሪ ነው ብሎት አያውቅም ነበር፣ ከዱራን በስተቀር። ሦስቱም ዳኞች በአንድና በሁለት ነጥብ ልዩነት ድሉን ለዱራን ሰጡ። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሊዮናርድ በሰው ጨዋታ ይህን ያህል ከተጠጋ፣ በራሱ ጨዋታ ምን ያደርግ ነበር?

መልሱ አምስት ወር ብቻ ነው የፈጀው። ኅዳር 25 ቀን 1980 በኒው ኦርሊንስ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። በዚህኛው ሊዮናርድ እግሩን ይዞ መጣ። መታ፣ ዞረ፣ ራቀ፣ ተመልሶ መታ። ዱራን ሲጠጋ የሚያገኘው ባዶ ቦታ ሆነ። በሰባተኛው ዙር ሊዮናርድ ቀኝ እጁን እንደ ወንጭፍ እያሽከረከረ የዱራንን ዓይን እዚያ ላይ ካስቀረ በኋላ በግራው ፊቱን አገኘው። ተመልካቹ ሳቀ። አገጩን አውጥቶ "ና ምታኝ" አለው። ሞንትሪያል ላይ አሿፊ የነበረው ሰው ሲሾፍበት የሚያደርገው ጠፋው። በስምንተኛው ዙር ማብቂያ ላይ ጀርባውን አዞረና እጁን አወናጨፈ፤ በቃኝ። በታሪክ "ኖ ማስ" ተብሎ የሚታወቀው ግጥሚያ ይህ ነው።

እርግጥ ነው ሌሎች ምክንያቶችም ይነሳሉ። ዱራን ከመጀመሪያው ድል በኋላ በድግስ ክብደት ጨምሮ ለመቀነስ ሲታገል ነበር። ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ብሏል። "ኖ ማስ" የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም ሲልም ይከራከራል። ይህ ሁሉ ባለበት አንድ ነገር አይለወጥም። በሰኔና በኅዳር መካከል የሊዮናርድ እጅ አልረዘመም፣ ጉልበቱም አልጨመረም። የተለወጠው የማንን ጨዋታ እንደሚጫወት ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ በእልህ ተጋጣሚውን ሆነ፤ ሁለተኛው ላይ ራሱን ሆነ።

እጅ ሳያውቅ ይኮርጃል

ለመሆኑ ይህን ያህል የሠለጠነ ሰው እንዴት ይታለላል? ብዙ ሰው እልህን የጠባይ ድክመት አድርጎ ነው የሚያየው። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንደሚሉት የሰው ልጅ የሚያየውን እንቅስቃሴ ሳያውቀው የመድገም ዝንባሌ አለው። ታንያ ቻርትራንድና ጆን ባርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ሰዎችን ከማያውቁት ሰው ጋር አስቀምጠው አንድ ሥራ ሰጧቸው። ያ ሰው እግሩን ሲያወዛውዝ አብረውት የተቀመጡት እግራቸውን ማወዛወዝ አበዙ፤ ፊቱን ሲነካካ እነሱም ፊታቸውን መነካካት አበዙ። በኋላ ሲጠየቁ አንዳቸውም ይህን ማድረጋቸውን አላወቁም። ገበሬው ይህን ያለ ላቦራቶሪ ደርሶበታል፤ "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር..." የሚለውን ተረት ጨርሶ የማያውቅ አንባቢ የለም።

ለፍልሚያ ስፖርት ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ሙከራ ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን "ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ" የሚባለውን የእጅ ጨዋታ አጫወተ። በዚህ ጨዋታ ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ምልክት ካወጡ አቻ ነው፤ አቻ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ላሸነፈ ገንዘብ ስለነበረበት መኮረጅ ኪሳራ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ዓይናቸው ተሸፍኖ ሲጫወቱ የአቻው ብዛት በዕድል የሚጠበቀውን ያህል፣ ከሦስት አንድ ያህል ሆነ። አንደኛው ብቻ ዓይኑ ሲሸፈንና ሌላኛው ሲያይ ግን አቻው ከዚያ በለጠ። ለምን? የሚያየው ሰው የተጋጣሚውን እጅ ገና ሲንቀሳቀስ ያይና እጁ ሳያስበው ያንኑ ምልክት ያወጣል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ማሸነፍ እየፈለገ፣ መኮረጅ እንደማያዋጣው እያወቀ እጁ ኮረጀ። ማየት የጠቀመው መስሎት ማየቱ ጎዳው።

ይህ ማለት የቦክስ ወይም የቴኳንዶ ተወዳዳሪ ሁለት ጠላት አለበት ማለት ነው። አንደኛው ከፊቱ የቆመው ነው። ሁለተኛው ሳይነግረው የሚኮርጅ የራሱ ሰውነት ነው። እልህ ሲጨመርበት ደግሞ ሁለተኛው ጠላት ሙሉ ሥልጣን ይይዛል።

ማይክ ታይሰን ይህን በውድ ዋጋ አሳይቷል። ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር በኅዳር 1996 ባደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያም ሆነ ሰኔ 28 ቀን 1997 በተካሄደው ሁለተኛው ላይ ሆሊፊልድ በጭንቅላቱ እየገጨኝ ነው የሚል ቅሬታ ነበረው። በሁለተኛው ግጥሚያ ግጭቱ ቅንድቡን ከፈተው፤ ዳኛው ሚልስ ሌን ግን ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም አለ። ታይሰን ሕግ ተጥሶብኛልና እኔም ልጣስ የሚል ሰው ሆነ። በሦስተኛው ዙር የሆሊፊልድን ጆሮ ነከሰ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል፤ ከውድድር ተባረረ፣ ፈቃዱ ተነጠቀ፣ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። "እሱ ነው የጀመረው" የሚለው ክርክር በኔቫዳ ኮሚሽን ፊት ከሆሳዕና መናኸሪያ የተሻለ ዋጋ አላገኘም።

ኮዱ የተለያየ ፈተና

ተማሪ ቤት የዋለ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በብሔራዊ ፈተና የጥያቄ ወረቀት በኮድ እየተለየ ሲታደል የኖረው ያለ ነገር አይደለም። ጎረቤቱ "ሐ" ብሎ ስላጠቆረ "ሐ" ብሎ ያጠቆረ ተማሪ ጎረቤቱ ትክክል ቢሆን እንኳ እሱ ይወድቃል። ጎበዙን ተማሪ መርጦ መኮረጁ አያድነውም፤ ወረቀቱ የሌላ ነውና።

የፍልሚያ ስፖርትም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚቀበለው የፈተና ወረቀት የራሱ ኮድ አለው፤ ቁመቱ፣ የእጁና የእግሩ ርዝመት፣ የዳሌው መተጣጠፍ፣ የትንፋሹ ልክ፣ ግራኝ መሆን አለመሆኑ። ቁመተ ረጅሙ ልጅ ጥሩ ጃብ ይዞ በርቀት መግጠም ሲችል፣ አጭሩ ተጋጣሚው እየገፋ ሲመጣበት እሱም ጠጋ ብሎ መወራወር ከጀመረ አምላክ የሰጠውን ርዝመት በገዛ እጁ ለተጋጣሚው አስረክቦታል። በቴኳንዶም እንዲሁ ነው። በዓለም ቴኳንዶ ሕግ ደረት ላይ ያረፈ የእግር ምት ሁለት ነጥብ፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ሦስት ነጥብ ያስገኛል፤ ዞሮ የሚመታ ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ያገኛል። ተጋጣሚው ዞሮ ጭንቅላቱን ሲመታው እልህ የያዘው ልጅ ወዲያው እሱም ዞሮ ጭንቅላት መፈለግ ይጀምራል። ዳሌው ለዚያ ያልተዘጋጀ ከሆነ ይስታል፣ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። መውደቅ ደግሞ በዚህ ስፖርት ቅጣት አለው፤ ነጥቡም ለተጋጣሚ ነው። ሁለት ነጥብ በሁለት ነጥብ እየመለሰ መሄድ የሚችል ልጅ አምስቱን በአንዴ ለማምጣት ሲል ስድስት ይሰጣል።

የጊዜም ጉዳይ አለ። ሰው አንድ ነገር አይቶ ለመንቀሳቀስ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መምረጥ ካለበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የሚኮርጅ ሰው ምንጊዜም መጀመሪያ ማየት አለበት። ስለዚህ ምንጊዜም ሁለተኛ ነው። ጥሩ ቡጢኛ ተጋጣሚው እንደሚኮርጀው ሲያውቅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እጁን የሚያወርደው ሌላኛው እንዲያወርድ ነው፤ በሚያወርድበት ቅጽበት ቡጢው መንገድ ላይ ነው።

በድብልቅ ፍልሚያው ዓለም አንደርሰን ሲልቫ ይህን እንደ ሙያ ይዞት ነበር። ብራዚላዊው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 በዩኤፍሲ ተከታታይ አሥራ ስድስት ግጥሚያ ሲያሸንፍ፣ እጁን አውርዶ፣ ፊቱን ሰጥቶ፣ እየቀለደ ሰዎችን ከዕቅዳቸው ማውጣት አንዱ መሣሪያው ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 2013 በላስ ቬጋስ ክሪስ ዋይድማንን ሲገጥምም ያንኑ አደረገ። እጁን አወረደ፣ ተመታሁ ብሎ እንደሚንገዳገድ ሰው አስመሰለ፣ ናልኝ አለ። ዋይድማን አልሳቀም፣ አልቀለደም፣ እጁንም አላወረደም። አሰልጣኞቹ ያስተማሩትን ቀጠለ። በሁለተኛው ዙር ሲልቫ እንደለመደው ወደኋላ ሲለጠጥ የዋይድማን ግራ እጅ አገኘው። የዓለም ታላቅ ተፋላሚ ይባል የነበረው ሰው መሬት ላይ ነበር። ማሾፍ የሚያሸንፈው መልስ ሲያገኝ ነው። መልስ ያጣ አሿፊ እጁ የወረደ ሰው ብቻ ነው።

ሁሉም ኩረጃ ግን አንድ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ክርክር ይነሳል። ስፖርት የሚለመደው በመኮረጅ አይደለም እንዴ? በትክክል። የቴኳንዶ ሰልጣኝ ፓተርን የሚማረው ማስተሩን እያየ በመድገም ነው። የኢትዮጵያ ሯጮች እንጦጦና ሰንዳፋ ላይ የሚሰለጥኑት በሰልፍ ሆነው፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ ነው። የጓደኛን እግር መከተል ያሳድጋል። ምክንያቱም ጓደኛው ከፊት የሚሄደው የኋለኛው እንዲደርስበት እንጂ ገደል እንዲገባ አይደለም። ተጋጣሚ ግን የሚመራው ወደ ገደሉ ነው።

ተጋጣሚን መከተል ራሱ ሁልጊዜ ስህተት አለመሆኑን ደራርቱ ቱሉ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ተፈትልካ ስትወጣ ደራርቱ ተከተለቻት። ሜየር ፍጥነት ስትጨምር ጨመረች። እስከዚህ ድረስ ኩረጃ ይመስላል። ሜየር "አንቺም ምሪ" የሚል ምልክት ስታሳያት ግን ደራርቱ አልሰማችም። ምልክቱ የሜየር ፍላጎት እንጂ የደራርቱ ዕቅድ አልነበረም። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ደራርቱ በራሷ ሰዓት ወጣች፤ የሆነውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደራርቱ ሜየርን የተከተለችው መርጣ ነው፣ መከተሉን ያቆመችውም መርጣ ነው። የሚጎዳው መከተሉ ሳይሆን ሳይመርጡ መከተሉ ነው።

ሊዮናርድም በኒው ኦርሊንስ የዱራንን የሞንትሪያል ሹፈት ወስዶበታል። ግን በእልህ አልነበረም፤ ቀኝ እጁን ሲያሽከረክር ግራው ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

እልህ የሌለው ስፖርተኛ አይጠቅምም የሚሉም አሉ፤ እውነት አላቸው። ሌሊት 11 ሰዓት የሚያስነሳ፣ በዝናብና በጭቃ የሚያስሮጥ፣ ከሽንፈት በኋላ ወደ ማዘውተሪያው የሚመልስ እልህ ነው። ቦታው ግን ልምምድ ላይ ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ የሚነሳ እልህ የተጋጣሚው ሁለተኛ አሰልጣኝ ነው።

"መልስለት!"

ወደ አካባቢው ስንመጣ ትልቁ ችግር ከልጁ ይልቅ ከሪንጉ ማዕዘን ይጀምራል። በየውድድሩ ከአሰልጣኝ፣ ከጓደኛና ከተመልካች አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ "መልስለት!" ተመታ፣ "መልስለት!" ተሾፈበት፣ "መልስለት!" ቃሉ በጎ ይመስላል። ነገር ግን ምን እንዲያደርግ ነው የሚነግረው? ያው የተደረገበትን። "መልስለት" የሚል አሰልጣኝ ሳያውቀው ዕቅዱን ለተጋጣሚው አሰልጣኝ አስረክቧል።

ለምን ይባላል? ክብር ስለተነካ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ልጁ ሲሾፍበት ዝም ካለ ሰኞ ዕለት ሰፈር ውስጥ "ፈራ" ይባላል። በነጥብ ተሸንፎ "አልተበገረለትም" ከመባል፣ አሸንፎ "ሸሸ" መባል የሚከብደው ብዙ ነው። ይህን ሸክም ከልጁ ጫንቃ ላይ ማውረድ የሚችለው አሰልጣኙ ብቻ ነው፤ መራቅም ውጊያ መሆኑን፣ ዝም ማለትም መልስ መሆኑን ከወዲሁ፣ በሰፈሩ ልጆች ፊት ሳይቀር ሊናገርለት ይገባል።

መድኃኒቱ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ከማዕዘን የሚጮኸው ቃል የልጁ የራሱ ሥራ ስም ይሁን፤ "ግራህን!"፣ "እግርህን!"፣ "ርቀትህን!" ሁለተኛ፣ በልምምድ ላይ አንድ ሰልጣኝ እንዲያሾፍ፣ እጁን እንዲያወርድ፣ እንዲገፋ ሥራ ተሰጥቶት ሌላኛው እንዳይመልስ ይሰልጥን። ቡጢ መመከት የሚለመደው እየተመቱ ከሆነ ሹፈት መመከትም የሚለመደው እየተሾፈበት ነው። ውድድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሾፍበት ልጅ ያልተማረውን ትምህርት ነው የሚፈተነው። ሦስተኛ፣ ነገሩ ሲጀምር የሚደረግ አንድ የታወቀ ነገር ይኑር፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ የራስ የመጀመሪያ ምት። ሰውነት ሳያስብ የሚኮርጅ ከሆነ ሳያስብ የሚያደርገው ሌላ ነገር ሊሰጠው ግድ ነው። "አትናደድ" የሚል ምክር ብቻውን ማንንም አብርዶ አያውቅም። አራተኛ፣ በየዙሩ እረፍት "ስንት ነጥብ ሆነ?" ከማለት በፊት "ማን ነበር የሚመርጠው?" ተብሎ ይጠየቅ። ልጁ "እሱ" ካለ፣ እየመራ ቢሆን እንኳ አደጋ ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ትምህርቱ ከጥንትም በየማሰልጠኛው ግድግዳ ላይ ተጽፎ መቆየቱ ነው። የአይቲኤፍ ቴኳንዶ ሰልጣኞች የሚያነበንቧቸው አምስት መርሆዎች አሉ፤ ትህትና፣ ታማኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መቆጣጠርና የማይበገር መንፈስ። አራተኛው ላይ ደርሶ ድምጹን ከፍ አድርጎ ያልጮኸ ሰልጣኝ የለም። ይሁን እንጂ ራስን መቆጣጠር የሚባለው ብዙ ጊዜ ለጨዋነት ብቻ ተደርጎ ይተረጎማል፤ ሰፈር ውስጥ እንዳትደባደብ፣ ታላቅን እንድታከብር። ይህም መልካም ነው። ዋናው ትርጉሙ ግን የማሸነፊያ ዘዴ መሆኑ ነው። ራሱን የማይቆጣጠር ሰው የሚቆጣጠረው ሌላ ሰው አለ፤ በዚህ ስፖርት ደግሞ ያ ሌላ ሰው ከፊቱ ቆሟል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሰለሞን ቱፋ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ግራም በቴኳንዶ ለኢትዮጵያ ከተፋለመ ወዲህ ኦሎምፒክ ለሯጭ ብቻ የሚል ወጣት ቁጥሩ መቀነስ አለበት። ለሆሳዕናና ለዱራሜ ልጅ ግን ዕድሉ እንደ አዲስ አበባው ልጅ በየሳምንቱ አይመጣም። ከስንት ልምምድ በኋላ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ከቤተሰብና ከጓደኛ ተሰባስቦ፣ ከሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አንድ ግጥሚያ ነው። ያቺን አንድ ግጥሚያ ከሸነፉት በኋላ የሚቀጥለው መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ያቺን ጥቂት ደቂቃ የማያውቀውን ሰው ሲኮርጅ ማለቅ ያሳዝናል። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይባል የለ? የሰው ቡጢም አያሸንፍ። የራሱን ይዞ ገብቶ የተሸነፈ ልጅ ቢያንስ ምን ማሻሻል እንዳለበት አውቆ ይመለሳል። የሰውን ኮርጆ የተሸነፈ ግን የተሸነፈው እሱ ራሱ ይሁን ቅጂው እንኳ ሳያውቅ ነው አውቶቡስ የሚሳፈረው።